ልጄ ፒቸር መሆን ይፈልጋል፤ ክርኑ ግን ያመዋል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ፒቸር ነው፣ ኳሱን ለምቺው የሚወረውረው። አሠልጣኙ «ይሄ ልጅ ክንዱ ስጦታ ነው፤ በብርዱ ወራት የፍጥነት ሥልጠና ይግባ፣ ሁለተኛ ቡድንም ይጨምር» ይለናል። ልጁ ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ብሎ ቆርጧል። አባቱ ደግሞ ትምህርቱ እንዳይበላሽ ይፈራል። ከጨዋታ በኋላ ማታ ማታ ክርኑን ውስጥ በኩል እንደሚያመው ነግሮኛል፤ «አሠልጣኙ እንዳይሰማ» ብሎም ለምኖኛል። ለመሆኑ ይሄ ነገር እውነት ሥራ ይሆናል? ስንት ዓመትስ ይቆያል? ምን እናድርግ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከክርኑ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። የ13 ዓመት ልጅ ክርኑን ውስጥ በኩል ካመመው መወርወር ያቆማል። ነገ የፍጻሜ ጨዋታ ቢኖርም ያቆማል። የስፖርት ጉዳት የሚያይ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ የልጆች አጥንት ሐኪም ከተገኘ ደግሞ የተሻለ። የሁለቱም እጆቹ ክርን ራጅ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ በልጅ ላይ የታመመውን ከጤነኛው ጋር ማስተያየት ብዙ ነገር ያሳያል። ወጌሻ ጋ አይውሰዱት፣ ቤትም አይሹት። ወጌሻ ንቄ አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚጎዳው ነገር ታሽቶ የሚመለስ ስላልሆነ ነው።

የአዋቂ ፒቸር ክርን ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ጅማቱ ነው። በልጅ ግን ከጅማቱ ይልቅ አጥንቱ ነው ደካማው። ክርኑ ላይ ውስጥ በኩል ጉብ ያለች አጥንት አለች፤ እጅዎን ቢያሳርፉ ያገኟታል። ጅማቱ የታሰረው እሷ ላይ ነው። ከሥሯ አጥንቱ የሚያድግበት፣ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ። በወንዶች ልጆች ይሄ ክፍል ገጥሞ የሚጠነክረው ባብዛኛው ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ልጁ በወረወረ ቁጥር ጅማቱ ያንን ቦታ ይጎትተዋል። ሲደጋገም ይቆጣል፣ ይላቀቃል፣ አንዳንዴም ቁራጭ አጥንት ይዞ ይነሳል። አሜሪካኖቹ «የሊትል ሊግ ክርን» ይሉታል። በጊዜ ከተያዘ ባብዛኛው በእረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይድናል። ልጁ ደብቆ ከወረወረ ግን ነገሩ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊሄድ ይችላል።

ስለ መደበቁም አንድ ነገር ልበል። የኛ ቤት ልጆች ትልቅ ሰው ፊት «አመመኝ» ማለት ይከብዳቸዋል። ይሉኝታ ነው፤ ቡድኑን ጉድ ላለማድረግ ነው፤ ቦታውን ሌላ ልጅ እንዳይወስድበትም ነው። ስለዚህ «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁሌም «ደህና ነኝ» ነው። ይልቅ ጨዋታው ላይ ይዩት። ሲደክመው መጀመሪያ የሚታየው ክርኑ ከትከሻው መስመር ወረድ ማለቱ ነው። ከዚያ ኳሱ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ካቸሩ (ከምቺው ጀርባ ኳሱን የሚይዘው) እየተነሳ መያዝ ያዘወትራል። በውርወራና በውርወራ መካከል የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። እጁን ያራግፋል። ማታ ደግሞ ቦርሳውን በሌላው እጁ ያነሳል። እነዚህን ያየች እናት አሠልጣኙን ማስፈቀድ አይጠበቅባትም፤ ልጇን ታስወጣለች።

ለምን እንዲህ እንደምመክርዎ የሚገባዎት ውርወራው ምን እንደሆነ ሲያዩ ነው። በትልልቆቹ ሜዳ ፒቸሩ የሚቆምበት ከምቺው 18.44 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ኃይሉ የሚጀምረው ከእግሩ ነው። በዳሌው ያልፋል፣ በወገቡ ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻ ክንዱ ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት የላይኛው ክንዱ ትከሻው ላይ በሰከንድ ወደ 7,000 ዲግሪ በሚጠጋ ፍጥነት ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ሳያቋርጥ ቢዞር በአንድ ሰከንድ 19 ሙሉ ዙር ይሆን ነበር። ክርኑ ላይ የሚያርፈው ጭነት ጅማቱ ብቻውን ሊችለው ከሚችለው በላይ ነው። የማይበጠሰው ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ስለሚያግዙት ነው። ጡንቻ ሲደክም ግን ማገዙን ይተዋል።

አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም የሚገኘው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ተቋም ይህን ለዓመታት አጥንቷል። በ2006 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በወጣው ጥናታቸው ቀዶ ሕክምና የደረሰባቸውን ታዳጊ ፒቸሮች ካልተጎዱት ጋር አወዳድረዋል። ክንዳቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው የሚወረውሩት ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወረውሩት ደግሞ 5 እጥፍ። በሌላ ጥናት ከ9 እስከ 14 ዓመት የነበሩ 481 ፒቸሮችን ለ10 ዓመት ተከታትለዋል። በአንድ ዓመት ከ100 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ የወረወሩት ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ነበር። ልብ ይበሉ፤ እጥፍ የተባለው ከድካምና ከብዛት ጋር ነው። ችሎታ ማነስ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም። እንዲያውም ብዙ የሚወረውረው ጎበዙ ልጅ ነው፤ አሠልጣኝ ማሸነፍ ሲፈልግ የሚያወጣው እሱን ነዋ።

ሥራ ይሆናል ወይ ላሉት፣ ምሳሌው እዚያው ሰፈራችሁ አለ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ፒቸር የነበረውን ስቴፈን ስትራስበርግን ሰምተው ይሆናል፤ ልጅዎ እንደሚያውቀው አልጠራጠርም። ስትራስበርግ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ በድራፍት (ክለቦች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት) የመረጠው ክለብ አልነበረም። ሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በታላቁ ምቺ በቶኒ ግዊን ሥር ተጫወተ፤ ሰውነቱ ተስተካከለ፣ ፍጥነቱም መጣ። በ2009 ከመላው አገሪቱ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆኖ በ15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ሰኔ 8 ቀን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ) ላይ ቆሞ የፒትስበርግን ምቺዎች 14 ጊዜ ኳሱን ሳይመቱ አሰናበተ። ዲሲ ጉድ አለች። ያ ዓመት ሳያልቅ ግን የክርኑ ጅማት ተበጠሰ፤ ቀዶ ሕክምና ገባ።

በ2012 ክለቡ ልጁ እንዳይጎዳ ብሎ 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ላይ አስቆመው። ቡድኑ ያለ እሱ የማጣሪያው ጨዋታ ገብቶ ተሸነፈ፤ ከተማው ለዓመታት ተጨቃጨቀበት። እኔ ክለቡን አልወቅስም። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ውድድር) ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ዋንጫውን ያመጣላቸው ያው የጠበቁት ክንድ ነው። ከዚያ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ፈረመ። ከውሉ በኋላ ስንት ጨዋታ ላይ ወረወረ? ስምንት። ከአንገቱና ከትከሻው መካከል ነርቭና የደም ሥር የሚጨመቅበት ሕመም ያዘው፤ በዚያም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አልተመለሰም። በ2024 በ35 ዓመቱ በይፋ ተሰናበተ።

ይህን የነገርኩዎ ላስፈራራዎ አይደለም። ስትራስበርግ የተሳካለት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኘው ከብዙ ሺህ አንዱ ነው፤ ያገኘውም ቢሆን ክንዱ ይህን ያህል አስከፍሎታል። «ስንት ዓመት ይቆያል?» ላሉት ደግሞ ክልሉ በጣም ሰፊ ነው። ሳንዲ ኩፋክስ በ1966 ከሁሉም የበላይ ሆኖ ሳለ፣ 27 ጨዋታ ባሸነፈበት በዚያው ዓመት፣ ግራ ክርኑ በአርትራይተስ ስላለቀ በ30 ዓመቱ ተወ። ኖላን ራያን 27 የውድድር ዘመን ቆይቶ 5,714 ምቺ አሰናብቷል፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። እሱንም በ46 ዓመቱ ያቆመው ሲያትል ውስጥ ሲወረውር የተበጠሰው የክርኑ ጅማት ነው። ጄሚ ሞየር ግን ፈጣን ሆኖ አያውቅም፤ በ2012 በ49 ዓመቱ ጨዋታ አሸንፏል። በጥበብ ነው የኖረው።

በመካከል ስላለው መንገድ ሰው ብዙም አያወራም፤ እሱን ልንገርዎት። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ወይ በድራፍት ይመረጣል፣ ወይ ኮሌጅ ይገባል። ድራፍቱ አሁን 20 ዙር ብቻ ነው፤ ድሮ 40 ነበር። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ በሕጉ መሠረት ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 እስኪሞላው እንደገና አይመረጥም። ከፈረመ በኋላ ቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ አይወጣም። ማይነር ሊግ የሚባለውን ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል፤ ከሥልጠና ካምፕ እስከ ትሪፕል ኤ። አብዛኛው ወጣት እዚያው ነው የሚቀረው። በ2023 በወጣው ስምምነት የታችኛው እርከን የዓመት ደመወዝ 19,800 ዶላር፣ የላይኛው 35,800 ዶላር ነበር። ያውም ከቀድሞው በብዙ ተሻሽሎ ነው፤ ማደሪያም አሁን ባብዛኛው ክለቡ ይችላል። ሜጀር ሊግ ከደረሰ ደግሞ በ2025 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። ግን ይህ የሚከፈለው እዚያ በቆየበት ቀን ልክ ነው። ዛሬ ተጠርቶ ከሳምንት በኋላ ወደ ታች የሚመለስ ፒቸር ሞልቷል። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው 6 ዓመት አገልግሎ ገበያ ላይ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ደግሞ ክንዱ መትረፍ አለበት።

አባቱን በተመለከተ፣ ትምህርት ላይ መጽናቱ ልክ ነው፤ ከልጁ ሕልም ጋር ግን ያን ያህል አይጣላም። ኮሌጅ ለፒቸር ጥሩ መንገድ ነው። አካሉ እዚያ ይጠነክራል፣ ዲግሪውም ቀርቶ አይቀርም። ስትራስበርግን ያወጣው ኮሌጅ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚፈርም ልጅም ቢሆን ክለቡ ወደፊት የኮሌጅ ወጪውን እንዲሸፍንለት በውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ለዚህ የተዘጋጀ የስኮላርሺፕ አሠራር አለ። ይህን የማያነሳ ወኪል ቢመጣባችሁ በር ያሳዩት።

አሁን ወደ ብርዱ ወራት ሥልጠና። እዚህ ላይ ከአሠልጣኙ ጋር አልስማማም። የፍጥነት ረሃቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በሜጀር ሊግ የፈጣኑ ውርወራ አማካይ ፍጥነት በ2008 በሰዓት 91.3 ማይል ነበር፤ በ2024 94.2 ደርሷል። መልማዮች መጀመሪያ የሚያዩት የራዳሩን ቁጥር ነው። ልጆቹም ያውቃሉ፤ በስልካቸው የሚለዋወጡት እሱኑ ነው። ነገር ግን በ2024 መጨረሻ ሜጀር ሊጉ ራሱ ስለ ፒቸሮች ጉዳት ባወጣው ዘገባ ጣቱን የቀሰረው ወደዚሁ ፍጥነት ማሳደድና በየውርወራው ያለ የሌለ ኃይልን ወደማውጣት ነው። ችግሩ ከልጅነት እንደሚጀምርም ተናግሯል።

ብዙዎቹ የፍጥነት ሥልጠናዎች ከመደበኛው የከበደ ኳስ ያስወረውራሉ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ጤነኛ ፒቸሮች ላይ ይህንኑ ለ6 ሳምንት ሞክሯል። ፍጥነታቸው በ3.3 በመቶ ጨመረ፤ አዎ፣ ይሠራል። ግን በከባዱ ኳስ ከሠለጠኑት 24 በመቶው ተጎዱ። ከሌላው ቡድን በሥልጠናው ወቅት የተጎዳ አልነበረም። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ክርኑን የሚያመው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል እርስዎ ይፍረዱ።

«አሁን ካልገባ ያመልጠዋል» የሚባለውም እውነት አይደለም። ጄከብ ዲግሮም በኮሌጅ ሜዳ ውስጥ ኳስ የሚያግድ ተጫዋች ነበር፤ ፒቸር የሆነው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። በ2010 በ9ኛው ዙር ተመረጠ፣ በዚያው ዓመት ክርኑ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ሜጀር ሊግ የደረሰው 26 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በ2018 እና በ2019 የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማትን ወሰደ። የፓናማው ማሪያኖ ሪቬራ ከአባቱ ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ ለያንኪስ በፒቸርነት የፈረመው በ20 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ነበር የሚጫወተው። 652 ጨዋታ መጨረሻ ላይ ገብቶ መሪነቱን ጠብቆ ዘግቷል፤ በ2019 ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ) ሲገባ አንድም ድምፅ አልጎደለበትም፤ ከእሱ በፊት እንዲህ የሆነለት የለም። ኩፋክስም ብሩክሊን ውስጥ በወጣትነቱ ይበልጥ የሚታወቀው በቅርጫት ኳስ ነበር። ሁሉም ሰው እንደነሱ ይሆናል አልልም። በ13 ዓመት ክረምት ከበጋ አለመወርወር በር እንደማይዘጋ ግን ይመሰክራሉ።

ሁለተኛውን ቡድን ደግሞ ይተዉት። ሜጀር ሊጉና ዩኤስኤ ቤዝቦል «ፒች ስማርት» ብለው ያወጡት መመሪያ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አይለፍ ይላል። በ14 ዓመትና ከዚያ በታች 66 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ 4 ቀን ያርፋል። በ12 ወር ከ100 ኢኒንግ አይለፍ፤ በዓመት ቢያንስ 4 ወር አይወርውር፣ ከእነሱም 2 ወይም 3ቱ ተከታታይ ይሁኑ። በአንድ ጨዋታ ፒቸርም ካቸርም አይሁን። ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ችግሩ ሁለት ቡድን ሲኖር ነው። ቅዳሜ አንዱ አሠልጣኝ 60 ይቆጥራል፤ እሑድ ሌላው ከአንድ ብሎ ይጀምራል። ሁለቱም መመሪያውን ያከበሩ ይመስላቸዋል፤ የልጁ ክንድ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው እርስዎ ይሁኑ። በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ቀኑን፣ የውርወራውን ቁጥርና ማታ ያመመው መሆን አለመሆኑን ይጻፉ። ሐኪሙም ከማንኛውም ወሬ ይልቅ እሱን ማየት ይፈልጋል።

አንድ ወሬ ደግሞ ከወላጆች በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ «ቶሚ ጆን ቢደረግለት ክንዱ ይጠነክራል» የሚል። ቶሚ ጆን የዶጀርስ ግራ እጅ ፒቸር ነበር። በ1974 ክርኑ ሲበጠስ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ ጅማት ወስዶ ግራው ላይ ተከለለት። ከዚያ በፊት ለዚህ ጉዳት መፍትሔ አልነበረም። ቶሚ ጆን 1975ን ሙሉ ቁጭ ብሎ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ናቸው። ወሬው የመጣው ከዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን የተበጠሰውን ይተካል እንጂ ከነበረው በላይ አያደርግም። ተመልሶ ለመወዳደር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ጨርሶ የማይመለስም አለ። ዲግሮም ራሱ በ2023 ሁለተኛ ጊዜ ገብቷል። ጤነኛ ክርን ላይ ይህን የሚመኝ ሰው ምን ያህል ሥቃይ እንዳለው አላየም።

እንግዲህ ለአሠልጣኙ ይንገሩት፤ ልጁ ሳይሆን እርስዎ። «ክርኑን ያመዋል፣ ሐኪም እስኪያየው አይወረውርም፣ በብርዱም ያርፋል» ይበሉት። ደህና አሠልጣኝ ከሆነ «መቼ ጀመረው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። «ሁሉም ያመዋል፣ ይለምደዋል» ካለ ሌላ ቡድን ይፈልጉ፤ እዚያ አካባቢ ቡድን ሞልቷል። በብርዱ ቅርጫት ኳስ ይጫወት፣ ይሩጥ፣ እግሩንና ወገቡን ያጠንክር፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሐኪሙ ሲፈቅድለትም በአንዴ ወደ ቦታው አይመለስም። መጀመሪያ ከ14 ሜትር ገደማ፣ ቀን እየዘለለ፣ ጥቂት ውርወራ በቀስታ። ካላመመው ርቀቱ ይጨምራል፤ ካመመው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፒቸሩ ቦታ ላይ የሚወጣው መጨረሻ ነው። እስከዚያ ባት ይዞ መምታት ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁልኝ፤ ከተፈቀደለት ከጓደኞቹ ሳይለይ ልምምዱን ይቀጥላል።